ለማሽን የሠራሁት ዳንቴል

ጡረታ ወጣሁ! በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ያውም በሙሉ ጤና።

አትሳቁ፣ ደብዳቤ አለኝ። ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ጓድ መኮንን አስጠሩኝና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ አነበብሁት። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥቼ፣ ግድግዳውን ተደግፌ እንደገና አነበብሁት። «ዘምዘም ከድር ከጽዳት ሠራተኛነት ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ረዳትነት ተዛውረሻል» ይላል። ሦስተኛ ጊዜ ያነበብሁት ለባልዲዬ ነው። ሌላ ሰው አጠገቤ አልነበረማ!

በዚያው ሳምንት የኮምፒዩተር ክፍላችን ቴክኒሻን ጋሽ ተሰማም ጡረታ ወጡ። የእሳቸው እውነተኛው ጡረታ ነው፣ የእኔ የመወልወያ ጡረታ ነው። የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጅ እንደ ልማዱ «የሥራ ዘመን ትዝታዎን ይጻፉልን» ቢላቸው፣ ጋሽ ተሰማ «አቦ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት የሙቀት ልክ ብቻ ነው! ታሪክ ከፈለግክ ዘምዘምን ጠይቃት፣ እሷም ጡረተኛ ናት» አሉት። አዘጋጁ እየሳቀ መጣ። ሁለት ገጽ ጠየቀኝ፣ እኔ ስምንት ገጽ ይዤለት ሄድሁ። ቦታ ካነሰ የስፖርቱን ዜና ያንሳው።

እንግዲህ እንደ ጡረተኛ ወግ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። ቤታችን ከጣና ዳር ስለሆነ ያደግሁት ታንኳ በሚሠራበት ሣር፣ በደንገል ክምር ላይ እየተንከባለልሁ ነው። ደንገሉን አጭጄ፣ አድርቄ፣ ለአባዬ እያቀበልሁ ቆየሁና አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ በዚህ በውኃ ጥናት ጽሕፈት ቤት በጽዳት ተቀጠርሁ። ደመወዜ ሃምሳ ብር ነበረ፣ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። የመጀመሪያ ምድቤ ግቢው ነው። የግቢ ሥራ ማለት ከዘንባባው ሥር የወደቀውን ጠርገሽ ዞር ስትዪ ሌላ መውደቅ ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ ኮሪደር አደግሁ። ኮሪደሩ ላይ አለቃዬ የጽሕፈት ክፍሏ ታይፒስት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ማንም አለቃ አላደረጋቸውም፣ ራሳቸው ሆኑ። የወለሉን ንጽሕና የሚመረምሩት በነጭ ጫማቸው ጫፍ ነው።

የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚዘጋ በር ነበረ። ከውስጡ የሚመጣው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ መንጋ ነው። አንድ ቀን በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሽማግሌ በካልሲ ብቻ ብቅ አሉ።

«አንቺ ነሽ ወልዋይዋ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ። ባልዲውን ግን እንዳታስገቢ። እዚህ ቤት ውኃ የሚገባው በቁጥር ብቻ ነው።»

ጋሽ ተሰማን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው የበረዶ ፋብሪካ ማሽን ይጠግኑ ነበር፣ ከዚያ አሰብ ሄደው የመርከብ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ደግሞ የሬዲዮ ማሠራጫ። «ዕድሜዬን በሙሉ ከሙቀት ጋር እንደተጣላሁ ነው» ይላሉ። ኮምፒዩተሩ ባሕር ዳር ሲመጣ እሳቸውንም አብረው ላኳቸው። ከዓባይ ማዶ በብስክሌት ድልድዩን ተሻግረው ይመጣሉ፣ ሲደርሱ መጀመሪያ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ከዚያ ማሽኑን «እንዴት አደርክ» ይሉታል። እኔን ሰላም የሚሉኝ ከማሽኑ ቀጥሎ ነው።

ማሽኑ እንደ ትልቅ ቡፌ ያለ የብረት ሣጥን ነው። ከፊቱ በታች በኩል አየር የሚስብበት ሽንቁር አለው። ከጀርባውና ከአናቱ ደግሞ ትኩስ አየር የሚተነፍስበት። ሥራው በሐይቁና በወንዞቹ ዳር በየቀኑ የሚለካውን የውኃ ከፍታ መደመር፣ ማወዳደር፣ ውኃው መቼ ሞልቶ መቼ እንደሚጎድል ማስላት ነው። አንድ ሰው ዓመት የሚፈጅበትን ሒሳብ በቀናት ይጨርሳል፣ ካልሞቀ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተሰማ ማሽኑን አጥፍተው ክዳኑን ከፈቱና ጠሩኝ። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጥቁር ነገር፣ በላዩ ላይ ጥርሱን ወደ ላይ ያደረገ ማበጠሪያ የመሰለ ብረት ተቀምጦበታል።

«ይህ ፕሮሰሰር ይባላል። ማሽኑ የሚያስበው በዚህ ነው። አንቺ ሒሳብ ሲከብድሽ ግንባርሽ ይሞቅ የለ? እሱም እንደዚያው ነው። ማበጠሪያው ሙቀቱን ከላዩ ይቀበለዋል፣ ማራገቢያው ደግሞ ይዞት ይወጣል። በጥርሶቹ መሀል አቧራ ከገባ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል።»

«ከሞቀ ይቃጠላል?»

«መጨረሻ ላይ። ከዚያ በፊት ይቆማል። ከመቆሙ በፊት ግን…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ማሽኑ እንዳይሰማ ይመስል፣ «ይሳሳታል። ሞቆ የቆመውን አልፈራም። እኔ የምፈራው ሞቆ ዝም ብሎ የሚቀጥለውን ነው።»

ያንን ማበጠሪያ በጺም መላጫ ብሩሽ ነው የሚያጸዱት። ጥርስ በጥርስ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። በአፍ መንፋት ክልክል ነው፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ክፍሉ የአየር ማቀዝቀዣ አለው፣ ቴርሞሜትሩም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እሳቸው ግን አያምኑትም። «ግድግዳው አያስብም» ይላሉ። በየሰዓቱ የእጃቸውን ጀርባ መጀመሪያ ከፊት በኩል፣ ቀጥሎ ከኋላ በኩል ያስጠጋሉ። ለምን መዳፋቸው እንዳልሆነ ብጠይቃቸው «መዳፍ ሥራ ለምዷል፣ ይዋሻል። የእጅ ጀርባ ገና ልጅ ነው» አሉኝ።

ከዚያ መዝገቡን ሰጡኝ። እውነቴን ልናገር፣ በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ነበር እንጂ መጻፍ ያስፈራኝ ነበር። መጀመሪያ ቁጥር ብቻ አስጻፉኝ። «ሃያ ስድስት» ብዬ ስጽፍ «ለምን?» አሉ። «ምን ለምን?» «ትናንት ሃያ ሦስት ነበር፣ ዛሬ ለምን ሃያ ስድስት ሆነ? እሱንም ጻፊ።» እንዲህ እንዲህ እያልሁ «በር ተከፍቶ ስለዋለ» ጻፍሁ። ቀጥሎ «ዛሬ ከሐይቁ ነፋስ የለም» ጻፍሁ። አንድ ቀን ደግሞ «እትዬ ብርቄ ለማሽኑ ሳይሆን ለራሳቸው ሊቀዘቅዙ ሁለት ጊዜ ገብተዋል» ብዬ ጻፍሁ። እትዬ ብርቄ አንብበው ሊያንቁኝ ደረሱ።

«አንቺ ልጅ! ሰላይ ሆነሽ ልትቀሪ ነው?»

ጋሽ ተሰማ ግን ከት ብለው ስቀው «ዓረፍተ ነገር ማለት ይህ ነው!» አሉ።

አሁን ወደማልወደው ምዕራፍ ልግባ። ብዙዎቻችሁ የዛሬ ዓመት ኮምፒዩተሩ መበላሸቱን ታስታውሳላችሁ፣ ለምን እንደተበላሸ ግን አታውቁም። ይኸውላችሁ፣ እንደቆማችሁ አንብቡት።

ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ ግቢው ሁሉ ይታጠባል። እትዬ ብርቄ የጽሕፈት መኪናቸውን ጥልፍ አልብሰውታል። ስልኩም የራሱ ልብስ አለው። እኔን ጠሩኝና፣

«ያ ማሽናችሁ እንደዚያ ራቁቱን እንግዳ ሊቀበል ነው? የሴት እጅ የሌለበት ቤት መሰለ እኮ!» አሉኝ።

ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። እኛ ቤት ያለችው አሮጌ ራዲዮ እንኳ ዳንቴል አላት። ዳንቴል የሌለው ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስለኛል። ክር ገዛሁ፣ ኪሮሼን አነሣሁ፣ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ነጭ፣ በዙሪያው ዓሣ በዓሣ የሆነ፣ መሀሉ ላይ ታንኳ ያለበት። ቆንጆ ነበረ፣ ዛሬም ቢሆን ቆንጆ አልነበረም አልልም። እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት ጋሽ ተሰማ የከባዱን ሒሳብ ሥራ አስጀምረው ወደ ስብሰባ ሲጠሩ፣ ለማስደነቅ ብዬ ማሽኑን ዳንቴሉን አለበስሁት። ከአናቱ አንሥቶ እስከ ጀርባው ድረስ ዘረጋሁት፣ በደንብ ተወጥሮ እንዲታይ ደግሞ ከሥሩ አጥፌ አስገባሁት። እንግዶቹ ገብተው «አይ ንጽሕና!» ብለው አደነቁ። ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁ።

መተንፈሻውን ነበር የደፈንሁት።

ማሽኑ ወዲያው አልቆመም፣ ጋሽ ተሰማ እንደሚፈሩት ዝም ብሎ ቀጠለ። ሞቆ አሰበ፣ ሞቆ ጻፈ። ጓድ መኮንን በስብሰባው ክፍል ካለው ማተሚያ የወጣውን ወረቀት ቀድደው፣ እንግዶቹ ፊት በኩራት ማንበብ ጀመሩ። በመሀል ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። በወረቀቱ መሠረት በደልጊ በኩል ያለው የጣና ውኃ በአንድ ወር ውስጥ ደርቆ አልቋል። አንደኛው እንግዳ «ታዲያ ዛሬ በጀልባ ልታዞሩን አልነበረም?» ሲል ሁሉም ሳቀ። ጓድ መኮንን ብቻ አልሳቁም።

ጋሽ ተሰማ ግን ሳቁን አልጠበቁም። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሮጡ። እኔም ተከተልሁ። በሩ ሲከፈት እርጥብ ልብስ ሲተኮስ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ወጣ። ማሽኑ ቆሟል። ጋሽ ተሰማ ዳንቴሉን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ኮሪደሩ ላይ የጓድ መኮንን ኮቴ ይሰማል። ዳንቴሉን ሳብ አድርገው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ምንድን ነው የሆነው?» አሉ ጓድ መኮንን።

«ሞቆ ነው። ክፍሉን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ትቼው መሄድ አልነበረብኝም።»

እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። አልተናገርሁም።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ሠላሳ ዓመት ሠርተው፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያቸው። በፋይላቸው ውስጥ «በቸልተኝነት» የሚል ቃል ገባ። ዳንቴሉን በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። «ሥራሽ ያምራል። ለራዲዮናችሁ አልብሺው፣ ራዲዮ አያስብም» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለአባዬ ሁሉን ነገርሁት። መጀመሪያ «ጣናን አደረቅሽብኝ? ታንኳዬን በምን ልነዳው?» ብሎ ቀለደ። እያለቀስሁ መሆኔን ሲያይ ግን አጠገቤ ተቀመጠ።

የተቃጠለው የማሽኑ አካል በሌላ ተተክቶ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ወራት አልፈዋል። ከአዲስ አበባም ትእዛዝ መጣ፦ ያለፉት አሥር ዓመታት የጣና ውኃ ሒሳብ በሚያዝያ መጨረሻ ተሠርቶ ይድረስ፣ ካልሆነ ማሽኑ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ። ማሽኑ ከሄደ የጋሽ ተሰማ ፋይል በዚያው ቃል ይዘጋል። በቸልተኝነታቸው ማሽን ያስወሰዱ ቴክኒሻን ተብለው ጡረታ ይወጣሉ ማለት ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ በየቀኑ «እንደምን አደሩ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

የባሕር ዳርን ሚያዝያ ታውቁታላችሁ። ማቀዝቀዣው ከጠዋት እስከ ማታ ያጉረመርማል። ጋሽ ተሰማ ማበጠሪያውን ጥርስ በጥርስ ጠረጉት፣ የማራገቢያውን ዘይት ቀየሩ፣ በመስኮቱ ላይ መጋረጃ ጨመሩ። ቀላል ሥራ ሲሰጡት ማሽኑ ደህና ነው። ከባዱን ሒሳብ ሲጭኑበት ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይግላል፣ እሳቸውም ሳይሳሳት ያስቆሙታል። የሚገርመው ደግሞ የግድግዳው ቴርሞሜትር ሃያ አራት ነው። በእጄ ጀርባ ከማሽኑ ፊት፣ አየር ከሚስብበት በኩል ብሰማው ግን ትኩስ ነው።

«ጋሼ፣ የሚስበው አየር ራሱ ሞቋል።»

«ሰምቼዋለሁ። ከየት እንደሚመጣ ነው ያጣሁት።»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ዳንቴሉን ከሣጥን አወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። ጫፉን ይዤ መተርተር ጀመርሁ። ዓሣው ሄደ፣ ታንኳው ሄደ። ክሩ ጭኔ ላይ ሲከመር፣ ከደጅ የሚገባው ትንሽ ነፋስ አንዱን ክር አነሣው። ክሩ ነፋሱ ወደሚሄድበት እየጠቆመ ቆመ። አየሁት። ነፋስን በዓይኔ አየሁት!

በማግስቱ ክሩን በአጭር በአጭሩ ቆርጬ ሄድሁ። ጋሽ ተሰማ ከባዱን ሒሳብ ሲጭኑለት ከማሽኑ ፊት፣ ከጎኑ፣ ከጀርባው፣ ከጣሪያው ገመድ ዘርግቼ ክሮቹን አንጠለጠልሁ። የፊተኞቹ ክሮች ወደ ማሽኑ ያዘነብላሉ፣ ልክ ነው። የኋለኞቹ ወደ ውጭ፣ እሱም ልክ ነው። የጎኖቹ ግን ከኋላ ወደ ፊት ይጠቁማሉ! ማሽኑ ያለው ጥግ ላይ ነው። የተነፈሰው ትኩስ አየር ከግድግዳው ጋር ይላተምና በጎን ዞሮ ተመልሶ በፊቱ ይገባል። የራሱን ትንፋሽ እየደጋገመ ይተነፍስ ነበር።

ጋሽ ተሰማ በካልሲያቸው ቆመው ከክር ወደ ክር አዩ።

«አቦ!» አሉ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት ነፋስን በእጄ ሰማሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።»

ማሽኑን ከጥጉ ማንቀሳቀስ አይቻልም፣ ወለሉ ላይ ታስሯል፣ ያለ አዲስ አበባ ፈቃድ አይፈታም። ስለዚህ ትኩሱን ከቀዝቃዛው የሚለይ ግድግዳ ያስፈልገናል፣ ከጎንና ጎኑ፣ ወደ ላይ ትኩሱ አየር እስከሚወጣባት፣ ከጀርባው በላይ እስካለችው ትንሽ መስኮት ድረስ። ቀላል፣ ነፋስ የማያሳልፍ፣ በአንድ ቀን የሚሠራ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደንገል። ውኃ የማያሳልፍ አድርጎ የሚያስረው ሰው ደግሞ ቤቴ አለ።

«ደንገል ብናኝ አለው» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«በአቡጀዲ እንሰፋዋለን። ሁለት ድርብ፣ ታጥቦ የደረቀ።»

«መተንፈሻው ጋ እንዳይጠጋ። አንድ ክንድ ይራቅ። እሳት አልወድም።»

ፈቃድ ልንጠይቅ ሁለታችንም ጓድ መኮንን ዘንድ ገባን። እሳቸውም መጥተው ክሮቹን አዩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ዙሪያውን ዞሩ። ከዚያ አንዱን ክር በጣታቸው ያዙና፣

«ጥሩ ክር ነው። ከየት አመጣሽው?» አሉ።

ከገበያ ብል ያበቃል። ጋሽ ተሰማ ከጓድ መኮንን ጀርባ ሆነው ራሳቸውን ወዝወዝ አደረጉልኝ፣ «ተይው» ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያን ክር ዓሣ ሆኖም፣ ታንኳ ሆኖም፣ የጋሽ ተሰማ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎም አውቀዋለሁ።

«ከዳንቴል ነው ጓድ መኮንን» አልሁ። «ያን ቀን ማሽኑን ያለበስሁት ዳንቴል ነው። መተንፈሻውን የደፈንሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ደብቀውልኝ ነው እንጂ ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም።»

ጓድ መኮንን ክሩን ለቀቁት።

«ይህን በወረቀት መጻፍ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ይህን ቃል ስናገር እኔው ራሴ ተገረምሁ። እውነት ነበራ! መጻፍ እችላለሁ።

«ጻፊው። አሁን ግን ሥራው ይቅደም። በሥራው ማግስት እንነጋገራለን» ብለው ወጡ።

አባዬ የደንገል ሸክሙን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመው።

«አባት፣ ታንኳ እዚህ ምን ላይ ሊያንሳፍፉ ነው?»

«ነፋስ ላይ» አለ አባዬ።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ጫማውን ከበር አውልቆ፣ ማሽኑን ከሩቅ አይቶ «አንተ ነህ ሐይቄን ያደረቅኸው?» አለው። ጋሽ ተሰማ ወደዱት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተንበርክከው ሲለኩ፣ አንዱ ሲያጠብቅ ሌላው «እዚህ ጋ ነፋስ ይሾልካል» ሲል፣ እኔና እትዬ ብርቄ አቡጀዲውን ሰፋን። አዎ፣ እትዬ ብርቄ! «ራቁቱን ነው ብዬ ልብስ ያሠራሁሽ እኔ አይደለሁ? የኔም እጅ አለበት» ብለው መርፌያቸውን ይዘው መጡ። አመሻሹ ላይ ማሽኑ በሁለት ነጭ ክንፍ መሀል ቆመ። የጎኖቹ ክሮች ቀጥ ብለው ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ምንም ነገር ተመልሶ አይመጣም።

ሒሳቡ ሦስት የሥራ ቀን ወሰደ። የመጀመሪያው ቀን ያለ ችግር አለፈ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቆመ፣ ሙቀቱ ወጣ፣ የፊተኛው አየር ለእጄ ጀርባ ለብ አለ። መዝገቡ ላይ «ለብ ብሏል፣ ነፋስ የለም፣ ፈራሁ» ብዬ ጻፍሁ። ጋሽ ተሰማ አንብበው «ፍርሃት ስንት ዲግሪ ነው?» አሉኝና ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። አንድ ሰዓት ያሠሩታል፣ ሩብ ሰዓት ያሳርፉታል። ጓድ መኮንን ደግሞ ቢሯቸው ተቀምጠው የአንዱን ወር ሒሳብ በእጃቸው ይሠሩ ነበር፣ ለማመሳከር።

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማተሚያው ጮኸና ወረቀቱ መውጣት ጀመረ። ጓድ መኮንን የእጃቸውን ሒሳብ ከጎኑ አስቀመጡ። አንድ ነው። ግን እሳቸው በእጃቸው የሠሩት አንዱን ወር ብቻ ነው፣ የቀረውስ? ያን ጊዜ ክንፎቹን ሊያይ የመጣው አባዬ «በመስከረም ውኃው በጣም የሞላበት ዓመት የትኛው ይላል?» ሲል ጠየቀ። ከወረቀቱ ፈልጌ አነበብሁለት። ዓይኑን ጨፈነ።

«ልክ ነው» አለ። «በዚያ መስከረም ታንኳዬን ያሰርኋት ከሾላው ግንድ ላይ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ውኃው እዚያ ደርሶ አያውቅም።»

ጓድ መኮንን አባዬን አዩት፣ ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያ የጋሽ ተሰማን እጅ ጨበጡ። ጋሽ ተሰማ ጺማቸውን እየዳበሱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዓይናቸው ላብ ገባበት መሰለኝ፣ ያን ያህል እንኳ ሙቀት አልነበረም።

ማሽኑ ቀረ። እኔ የተባልሁትን ጻፍሁ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፣ ከዳንቴሉ እስከ ክሩ፣ ሳልቀንስ። ጓድ መኮንን የእኔን ወረቀት በጋሽ ተሰማ ፋይል ውስጥ አስገብተው ማስጠንቀቂያውን ሰረዙት። እኔ መባረሬን ጠብቄ ባልዲዬን አጥቤ፣ ለሚቀጥለው ሰው ደፍቼ አስቀምጬ ነበር። ሰኞ የተጠራሁት ለዚያ መስሎኝ ነው። ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ጓድ መኮንን፣ «ማስጠንቀቂያውን የሰረዝሁት በአንድ ገጽ ተኩልሽ ነው፣ ደብዳቤውን የጻፍሁትም በዚያው ነው። የማሽን ክፍል ጥፋቱን የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል» አሉኝ።

ጋሽ ተሰማ ለሽኝታቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚያደርሳቸው መኪና። «ሠላሳ ዓመት ከሙቀት ጋር ተጣልቻለሁ፣ አሁን ልታረቀው» ብለው ጉልበታቸውን ሊነክሩ ሄዱ። የጺም ብሩሹን ለእኔ ተዉልኝ። አሁን የእጄን ጀርባ አስጠግቼ፣ መዝገቡን ይዤ፣ ማሽኑን እኔ ነኝ «እንዴት አደርህ» የምለው።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር አደራ ብለውኛል፣ ጓድ መኮንንም ፈቅደዋል፣ ይኸው አስተላልፋለሁ። ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ለማንም ክፍት ነው። ለታይፒስቱም፣ ለዘበኛውም፣ ለተማሪውም፣ በተለይ ደግሞ ባልዲ ለያዘች። ጫማችሁን ከበር አውልቁ፣ ባልዲውን ውጭ ተዉት። ከዳንቴሉ የተረፈ ክር አለኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ክንድ እሰጣችኋለሁ። ከማሽኑ ጎን ቆማችሁ አንጠልጥሉት፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ነፋስ ሲሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ያያችሁትን መዝገቡ ላይ ትጽፋላችሁ። እስክሪብቶ አለ።